ቪዛው ሁለት ዓመት ይላል፤ እናቴ ግን የነበራት ስድስት ወር ነው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ውጭ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እናቱ ካናዳ ያለች እህቱን ልትጠይቅ ቪዛ ወጥቶላታል። ደስ ብሎታል፣ ድምፁ ላይ ያስታውቃል። "ቲቸር፣ ቪዛው ላይ ያለው ቀን ገና ብዙ ዓመት ነው የሚቀረው። እስከዚያ ድረስ መቆየት ትችላለች ማለት ነው አይደል?" አለኝ።

ትንሽ ዝም አልኩ። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ ከስምንት ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ፣ ያለ ምንም ማመንታት "አዎ!" ብዬ መልሼ ነበር። ጠያቂዋ እህቴ ነበረች። የምትሄደው ደግሞ እናቴ።

ነገሩን በግልጽ ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለማንም አልጻፍኩትም፤ ስለማፍርበት ነው።

እህቴ በዲቪ ነው አሜሪካ የሄደችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቴን ጠራቻት። አራስ ያለ እናት እንዴት ትሆናለች? ቪዛው ተሳካ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ፣ ሁለት ዓመት የሚሠራ የጎብኚ ቪዛ። ፓስፖርቱ ቢታ ገነት ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ቤታችን መጣ። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር አይደለሁ? ከባንክ የመጣ ወረቀት፣ ከሐኪም የመጣ ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር ለእኔ ነው የሚመጣው። ፓስፖርቱን ገለጥኩና ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ኦገስት 2019። "እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መቀመጥ ትችያለሽ!" አልኳት። እልልታው ቀለጠ።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔ ነኝ ያቺ ሴትዮ።

እናቴ ኮረሪማዋን፣ የቆላችውን ቡና፣ የገንፎ ዱቄቷን ይዛ መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. አሜሪካ ገባች። ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ፓስፖርቷ ላይ ማኅተም መታና በእስክሪብቶ አንድ ቀን ጻፈበት። ማርች 19 ቀን 2018። በእኛ መጋቢት 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። ይህን ቀን ማንም አላነበበውም። እህቴ ማኅተሙን አይታዋለች፣ ግን እሷም "ቲቸሩ ወንድሜ ሁለት ዓመት ብሏል" ብላ ተኝታለች።

ስድስት ወሩ አለቀ። እናቴ ልጁን ታጥባለች፣ ታዝላለች፣ እህቴ ደግሞ ሥራ ተመልሳለች። ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር ወር ሆነ። ጥቅምት 2011 ላይ አባቴ ታመመ። እናቴ በኅዳር 10 ተመለሰች፤ ከተፈቀደላት ቀን ስምንት ወር አሳልፋ ማለት ነው። ከአሜሪካ ስትወጣ ደግሞ ማንም ምንም አልጠየቃትም። እዚያ አገር ስትወጣ እንደ ቦሌ ፓስፖርት ተቀብሎ ማኅተም የሚመታ ሰው የለም፤ መረጃው ከአየር መንገዱ ነው የሚሄደው። እኛ ግን አልተጠየቀችም ማለት ችግር የለም ማለት መሰለን።

እናቴ አባቴን አስታማ ቀበረችው። ከዓመታት በኋላ እህቴ ሁለተኛ ልጅ ወለደችና "እማዬ ትምጣልኝ" አለች። ቅጹን ልንሞላ ስንል ነው ነገሩ የወጣው። እህቴ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቃ "አይ-94" የሚባለውን የእናቴን የመግቢያ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ከፈተችው። የመቆያዋ ማብቂያ ቀን እዚያ ቁጭ ብሏል። ማርች 19 ቀን 2018።

ሕጉን ያኔ ነው ያነበብኩት። በአሜሪካ ሕግ ከተፈቀደለት ቀን ከ180 ቀን በላይ አሳልፎ፣ ግን ዓመት ሳይሞላው የወጣ ሰው 3 ዓመት መግባት ይከለከላል። ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈ ደግሞ 10 ዓመት። ቀኑ ሲያልፍ ያ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛም፣ ላዩ ላይ ጊዜ ቢቀረውም፣ በራሱ ዋጋ ያጣል። እናቴ ሦስት ዓመቱ አልፎላት እንደገና ጠየቀች። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች ተጠየቀች፣ እውነቱን ተናገረች፣ ቪዛ አልተሰጣትም። በማንም አልፈርድም። ጥፋቱ የእኛ ነው። በተለይ የእኔ። ሁለተኛዋ የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ በስልክ መስታወት ነው የምታውቃት።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ።

አንደኛ፣ ቪዛ በር ነው፣ አልጋ አይደለም። ቪዛው ላይ ያለው ቀን "እስከዚህ ቀን ድረስ በሬን ማንኳኳት ትችላለህ" ማለት ነው። ስንት ቀን ታድራለህ የሚለው ሌላ ቦታ ነው የሚጻፈው። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ማለትም ደጋግመህ መምጣት ትችላለህ ማለት እንጂ ሳትወጣ ትኖራለህ ማለት አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና አገር በአገር እንየው።

አሜሪካ፦ የመቆያውን ቀን የሚወስነው ቪዛ የሰጠው ኤምባሲ ሳይሆን ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ነው። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። ከአሜሪካ ዘመዶቻችን ስትሰሙ የኖራችሁት የሁለት ዓመት ቪዛም ተለውጧል፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የጎብኚ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር የሚሠራ ሆኗል። እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት እየተሠራ ነው። ሰዎች "ሦስት ወር ብቻ ነው የምትቆየው" ይላሉ። አይደለም። ሦስት ወሩ የመግቢያ ጊዜ ነው። የመቆያው ቀን አሁንም ኤርፖርት ላይ የሚሰጠው ነው፣ አሁንም አይ-94 ላይ ነው የሚነበበው።

ካናዳ፦ ተራ ጎብኚ፣ መኮንኑ ሌላ ቀን ካልጻፈለት በቀር፣ በአንድ ጊዜ ስድስት ወር ነው። ለወላጆችና ለአያቶች ብቻ ግን "ሱፐር ቪዛ" የሚባል አለ። እስከ 10 ዓመት ሊሠራ የሚችል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ነው። ድሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ነበር የሚያስቀምጠው፤ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 ጀምሮ አምስት ዓመት ሆኗል። ግን በነፃ አይደለም። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ የገቢ መስፈርት ማሟላት አለበት፣ የመጋበዣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ወላጅ የሕክምና ምርመራ ያደርጋል፣ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና መድን ይገዛል። የፓስፖርቱ ጊዜ ካጠረ ደግሞ ቪዛውም ያጥራል። ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህንን ነው፤ "እናትህ የያዘችው የቱ ነው? ተራው ነው ወይስ ሱፐር ቪዛው? መጀመሪያ እሱን ጠይቅ" አልኩት። ሁለቱም ፓስፖርት ላይ ሲለጠፉ ረጅም ዓመት ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱ ግን ስድስት ወር ነው፣ አንዱ አምስት ዓመት።

እንግሊዝ፦ የሁለት፣ የአምስት፣ የ10 ዓመት የጎብኚ ቪዛ አለ፤ በአንድ ጊዜ መቆየት የሚቻለው ግን ቢበዛ ስድስት ወር ነው።

የአውሮፓ ሼንገን አገሮች፦ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን። ጀርመን 60 ቀን ቆይቶ ጣሊያን ቢሄድ አዲስ አይጀመርም፤ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚቆጠረው።

የዓረብ አገሮችም ያው ናቸው። የሳውዲ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የቤተሰብ ጉብኝት ቪዛ ዓመት ይሠራ ነበር፤ በአንድ ጊዜ መቆየት የሚቻለው ግን 90 ቀን ነበር።

አያችሁ አይደል? አንድም ቦታ የቪዛው ዕድሜና የእንግዳው ዕድሜ እኩል መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ የመመለሻ ቀን ከቲኬት በፊት ይወሰን። እኛ ዘንድ እናትን "መቼ ትሄጃለሽ?" ማለት ነውር ነው። ገና ከመድረሷ ማባረር ይመስላል። በዚህ ነውር ምክንያት ግን ስንት ቤተሰብ ቀን አሳለፈ! እኔ የምለው፣ ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ እናታችሁ በደረሰች በማግሥቱ ማኅተሙን ወይም መዝገቡን እዩት። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሩና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። አገር ቤት ላለነውም ላኩልን፤ እኛም ግድግዳ ላይ እንለጥፈው። መጨመር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሐኪም ቀጠሮ ይሁን ሐዘን ይሁን፣ ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ ይጠየቃል። አሜሪካ "አይ-539" የሚባል ቅጽ አለው፤ ካናዳም የራሱ አለው። እኛ ያንን ቅጽ በጥር ወይም በየካቲት 2010 አስገብተነው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሦስተኛው ያስቀይማችሁ ይሆናል፣ ግን ልናገረው። እናት ሞግዚት አይደለችም። የሕፃናት ማቆያ እዚያ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እህቴም ክፉ ሆና አይደለም። ነገር ግን እናቴ ከስድስት ወር በኋላ ለምን ቆየች ብዬ በሐቅ ስጠይቅ፣ መልሱ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ልጁን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ነው። እናቴ ቋንቋ አታውቅም፣ ብቻዋን ከቤት አትወጣም፣ ጎረቤት የላትም። ቢታ ገነት ላይ ሰው ሳይጠራት ቡና ጠጥታ የማታውቅ ሴት፣ እዚያ ብቻዋን አፍልታ ብቻዋን ትጠጣ ነበር። "ደኅና ነኝ" ትለን ነበር። እናት ምን ትበል? "ልመለስ" ካለች ልጇን የጎዳች ይመስላታል። ስለዚህ የመመለሻ ቀን ለሕጉ ብቻ ሳይሆን ለእናትየውም ጥበቃ ነው። "ሕጉ ነው" ብላ እንድትመለስ ያስችላታል።

አራተኛ፣ አንዳንድ ሰው "አንዴ ከገባች ምን አስወጣት? እዚያው ጥገኝነት ትጠይቅ" ይላል። ጥገኝነት የሚገባው ሰው አለ፤ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ። ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናትን የሐሰት ታሪክ አስጠንቶ መላክ ግን በእውነት የተሰደደውን ሰው ቃል ማርከስ ነው። ደግሞስ እናቴ ያንን ብታደርግ ኖሮ አባቴ ሲታመም መጥታ ታስታምመው ነበር? ጥገኝነት ከጠየቁበት አገር ዝም ብሎ ወጥቶ ወደ ሸሹበት አገር መመለስ ሌላ ጣጣ አለው።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን ልናገር፤ አድሏዊ እንዳልባል። ሕጎቹ እኛ ላይ ይከብዳሉ፣ ይህ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጣለ። ምክንያቱ መንግሥታችን ያለ ፈቃድ አውሮፓ የተገኙ ዜጎችን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም፣ ቪዛ ለመወሰን የነበረው 15 ቀን 45 ቀን ሆነ። ፍራንክፈርት ያለች ልጇን ልትጠይቅ የምትፈልግ የዋቻ ወይም የጊምቦ እናት ከዚህ ጋር ምን አገናኛት? አንድም ቀን ሳታሳልፍ ተመልሳ የመጣች እናት፣ ሁለተኛ ስትሄድ ከዜሮ ትጀምራለች። ይህ የጅምላ ቅጣት ነው፣ ልክ አይመስለኝም። በሥርዓት ሄዶ በሥርዓት የተመለሰ ሰው መሸለም ነበረበት።

ሌላም አለ። እህቴ የአሜሪካ ዜግነት ብትወስድ እንኳ፣ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያው ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አውጥታ ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የፈለገችውን ያህል ትቀመጣለች። ልጅ ወደ እናቷ ስትመጣ ቀን አይቆጠርባትም፤ እናት ወደ ልጇ ስትሄድ ቀን ይቆጠርባታል። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ግን ሌላም ነገር አሳሰበኝ። ክፍት የሆነው በር የእኛ ከሆነ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ የተዘጋውን የምናንኳኳው? የአራት ሰው ቲኬት ውድ ነው፣ የሥራ ፈቃድ አይገኝም፣ ልጆች ትምህርት አላቸው፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ቢሆንም በሦስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቦንጋ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጭቃ እኛ እንገፋላችኋለን።

በሌላ በኩል ሕጉ ከበደ ብለን ቀን ስናሳልፍ የምንጎዳው ራሳችንን ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ለምትጠይቀው ለማናውቃት እናት በሩን እናጠባለን። የእናቴ ስምንት ወር አንድ ቦታ ተመዝግቧል። ያ ቁጥር የእኛ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ "ኢትዮጵያውያን ሲገቡ አይወጡም" የሚለው ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። ይህንን ማሰብ ይከብደኛል።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁና ልጨርስ።

ታናሽ ወንድሜ ካናዳ ነው። ዘንድሮ ለእናቴ ሱፐር ቪዛ ልንጠይቅላት ተነሣን። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ በካናዳ ወይም በሌላ በማንኛውም አገር ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ ወይ ይላል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ "ካናዳና አሜሪካ ሌላ ሌላ አገር ናቸው፤ አይ በሉና እለፉት። በገዛ እጃችሁ ልታስከለክሏት ነው?" አሉ። ወንድሜም ወደ እሳቸው አዘነበለ፤ አልፈርድበትም፣ እናቱን ካያት ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እኔ "አዎ" ይጻፍ አልኩ። አንደኛ፣ ሁለቱ አገሮች የጣት አሻራና የቪዛ መረጃ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛ፣ በካናዳ ሕግ ሐሰት መጻፍ ራሱ አምስት ዓመት ያስከለክላል። ይህ ለአእምሮ ነው። ለልብ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። እናቴ ያኔ ስትጠየቅ፣ ማንም ሳያስጠናት፣ እውነቱን ተናግራለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እውነት ተናግራ፣ እኔ አስተማሪው በእሷ ስም ልዋሽ? ነገ ክፍል ገብቼ ኩረጃ የያዝኩትን ልጅ በምን ዓይኔ ነው የማየው?

ስለዚህ "አዎ" ብለን ጻፍን። ከሥሩ አንድ ገጽ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ስንት ቀን እንዳሳለፈች፣ ለምን እንደሆነ፣ ቀኑን ያነበብኩላት እኔ እንደሆንኩና እንደተሳሳትኩ። ለሕዝብ ያላልኩትን ለማላውቀው ሰው ጻፍኩት። በዲፕሎማ ነው የማስተምረው፣ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ከጻፍኳቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሁሉ በጥንቃቄ የጻፍኩት እሱን ነው። መልሱ ገና አልመጣም። ሊከለክሏት ይችላሉ። ከከለከሏትም እውነት ተናግረን ነው።

ማታ እናቴን "እማዬ፣ ይሄ ከተሳካ አምስት ዓመት መቀመጥ ይቻላል አሉ" አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ።

"አምስት ዓመት? ምን ልሠራ? እንሰቴን ማን ይፍቅልኝ፣ ቡናዬን ማን ይልቀምልኝ?" አለች። ትንሽ አሰበችና፣ "ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ እሄዳለሁ። ዳግመኛ ሳይቀላ እመለሳለሁ። እስከዚያ ልጆቹ ስሜን ይለምዱታል" አለች።

ስምንት ዓመት ሙሉ ኤምባሲ ስንት ይፈቅዳል፣ ኤርፖርት ስንት ይሰጣል ስንል ኖርን። እሷ ስንት መቆየት እንደምትፈልግ ግን አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

ከእናንተ መካከል እናቱን ሊልክ ወይም ሊያስመጣ ያሰበ ካለ፣ መጀመሪያ እሷን ይጠይቅ። ከዚያ ማኅተሙን ያንብብ። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እኔ ዛሬ የጻፍኩትንም ከመሄዳችሁ በፊት ከአገሩ ኢሚግሬሽን ገጽ ላይ አረጋግጡ። "ቲቸር ብሎናል" ብላችሁ እንዳትተኙ፤ ቲቸር አንዴ ተሳስቷል።

የምታውቁት ወይም የደረሰባችሁ ነገር ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት። ውጭ ዘመድ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት።

ከቢታ ገነት፣ በሰላም ዋሉ!